በር የሌለው ሕግ ቀማሽ

ያወጣውን ሕግ በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ያላየ ሹም፣ ሸክሙ ቀላል ነው ብሎ ይምላል፤ ሲምልም አይዋሽም፣ አያውቀውምና። እንዲህ ያለው ሰው የሚድነው ሸክሙ ወደ ትከሻው የተመለሰ ዕለት ብቻ ነው። ከዚህ በታች የምተርከው ይህንኑ የሚያስረዳ ነው።

የኖርኩባት ከተማ በገደል አፋፍ ላይ የተሠራች ናት። ያላት ጎዳና አንድ ነው። ከጎዳናው በስተግራ ያሉት የጌቶች ቤቶች ናቸው፤ ከኋላቸው ሰፊ ጓሮ፣ ከጓሮው ጫፍ ደግሞ ሌላ በር አላቸው። በስተቀኝ ያሉት የእኛ ቤቶች ግን ፊታቸውን ለጎዳናው፣ ጀርባቸውን ለገደሉ የሰጡ ናቸው። በስተቀኝ የሚኖር ሰው በበሩ ካልወጣ የሚወጣው በአንድ መንገድ ነው፤ እርሱም ወደ ታች ነው።

በዚያች ከተማ ቅምሻ የሚባል ልማድ ነበር። ጠጅ አሳላፊ ከብርሌው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀምሶ ለጌታው እንደሚያቀርብ ሁሉ፣ የሸንጎ አባልም ያረቀቀውን ሕግ ለሕዝቡ ከማቅረቡ በፊት ራሱ ይኖርበታል። የቅምሻው ዘመን አንድ ክረምት ነው፤ ከመጀመሪያው ነጎድጓድ እስከ አደይ አበባ። ሳይቀመስ የወጣ ነገር ሕግ አይባልም፣ ወሬ ነው ይባል ነበር። ማንም ሰው፣ ለማኝም ቢሆን፣ ሹሙን በጎዳና አስቁሞ «ቀምሰኸዋል ወይ?» ብሎ የመጠየቅ መብት ነበረው። ጥያቄው ከተጠየቀ ደግሞ የቅምሻ ዳኛው በተጠየቀበት ሥፍራ፣ ጭቃም ቢሆን ገበያም ቢሆን፣ ተቀምጦ የመፍረድ ግዴታ አለበት።

ልማዱ እንዴት እንደሚሠራ አንድ ምሳሌ ልስጥ። ከሸንጎው አባላት አንዱ፣ ውኃ ቀጂዎች ከምንጩ ሲወጡ እንስራቸውን በደረጃው ላይ እንዳያሳርፉ የሚከለክል ሕግ አረቀቀ፤ በቅሎው እየተሰናከለበት ተቸግሮ ነበር። እንደ ልማዱ እንስራ አዝሎ ከምንጩ መመላለስ ጀመረ። ገና ዝናቡ ሳይበረታ አንድ ጧት እንስራውን በደረጃው ላይ አስቀምጦ ከጎኑ ቁጭ አለ። መንገደኛው ሁሉ እየተሻገረው አለፈ። ከዚያ ተነሥቶ ረቂቁን ከብብቱ አወጣና ቀለሙን በዚያው ውኃ አጠበው። በማግሥቱም በደረጃው መካከል የእንስራ ማሳረፊያ ድንጋይ አስተከለ። በዚህ ምክንያት የከተማዋ ሕጎች ጥቂቶች ነበሩ፤ የሚጠብቃቸው ሰው ግን ብዙ ነበር።

ነገሩ የተለወጠው አንዳርጌ የተባሉ ሰው ሊቀ ሸንጎ ሆነው በተሾሙ ጊዜ ነው። ሊቀ ሸንጎ አንዳርጌ ድምፃቸው ያማረ፣ እጃቸው የለሰለሰ፣ ከወንበር ወደ በቅሎ፣ ከበቅሎ ወደ ወንበር ካልሆነ በቀር እግራቸው መሬት የማይነካ ሰው ነበሩ። በተሾሙ በሳምንቱ ሸንጎውን ጠሩና ድግስ አዘጋጁ። እኔም በታዛቢዎች አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነበር።

«ወንድሞቼ» አሉ፣ «ጎረቤቶቻችን ሕግ እንደ ጎመን ዘር ይዘራሉ። እኛ ግን አንዲቱን ሕግ ይዘን ክረምቱን ሙሉ እናላምጣለን። ሕዝባችን በሕግ ጠኔ እየሞተ ነው።»

«እውነት ነው!» አለ አንዱ፣ አፉ ሙሉ እንደ ሆነ።

«ሕግ ማውጣት ሙያ ነው፤ ሕግ መቅመስም ሌላ ሙያ ነው። ሁለቱን ለአንድ ሰው ማሸከም ግፍ ነው። ስለዚህ የሸንጎ አባል ቅምሻውን በተቀጠረ ቀማሽ በኩል ይፈጽም የሚል ሕግ አቅርቤአለሁ።»

«እንዲያውም ዘግይተናል» አለ ሌላው። «ቀባሪ ለመቅበር አስቀድሞ ይሞታል እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ይህ አነጋገር እንደ ማስረጃ ተቆጥሮ ሕጉ በዚያው ቀን ጸደቀ። ዳኛ አበጋዝ፣ የቅምሻው ዳኛ፣ በማዕዘኑ ወንበራቸው ላይ በትራቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር፤ ዳኛ ግን ሳይጠየቅ አይናገርም። ጥያቄውን የሚጠይቅ አልተገኘም፤ ጠጁ በመልካም ተጥሎ ነበርና አፍ ሁሉ ሥራ ላይ ነበር።

ቀማሽ ሆኖ የተቀጠረው ዘውገ የሚባል ሰው ነው። ዘውገ ቤት፣ ሚስት፣ ከብት፣ ማሳ የሌለው፣ በሸንጎው አዳራሽ ታዛ ሥር የሚያድር፣ ነገረኛ ያልሆነ ጨዋታ ዐዋቂ ሰው ነበር። ሊቀ ሸንጎው ለሹመቱ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ቅሬታ ታበዛለህ?»

«የማንን ነገር ይዤ ጌታዬ?» አለ ዘውገ። «እንዲያውም ሆዴ ባዶ ስለ ሆነ ምላሴ ንጹሕ ነው፤ ከእኔ የተሻለ ቀማሽ አያገኙም።»

ሹመቱ በዕለት ምሳና በአንዲት ካባ ጸና። ሙያተኛ ቀማሽ ክረምት ሙሉ አያስፈልገውም፣ አንድ ጧት ይበቃዋል ተብሎም ተወሰነ። ከዚያ በኋላ ሕግ ዘነበ። እህሉን በጎዳና ዳር ያሰጣ ሰው እህሉ ይወረስ ተባለ፤ ዘውገ እህል አልነበረውምና «ይጥማል» አለ። ከብት ያለው ሁሉ በየወሩ አንዱን ጥጃ ለሸንጎው ያስረክብ ተባለ፤ ዘውገ ይህንንም አጣጥሞ «ይህስ ከፊተኛው ይበልጣል» አለ። ሸንጎው በቀማሹ ላይ ያለው እምነት ዕለት ዕለት እየጨመረ ሄደ። ክፉ ሕግ አውጥተው እንደሆነ የሚጠራጠሩ አንድ ሁለት አባላት ነበሩ፤ እነርሱም ዘውገ ካባውን ለብሶ ሲወፍር ባዩ ጊዜ ኅሊናቸው ዐረፈ።

የበሩ ሕግ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከሩቅ አገር እንግዶች ይመጣሉ የሚል ወሬ ተሰማ። ሊቀ ሸንጎ አንዳርጌም ጎዳናውን በበቅሎ ሆነው ተመለከቱትና፣ በደጃፉ የሚወጣና የሚገባው ነገር ለእንግዳ ዓይን የማይመጥን ሆኖ አገኙት፤ እንጨት የተሸከመች፣ ሕፃን የምታጥብ፣ በሽተኛ የሚደግፍ። እንዲህ ሲሉም አረቀቁ፦ ወደ ጎዳናው የሚያይ በር ሁሉ በድንጋይና በጭቃ ይመረግ፤ ባለቤቶቹም በጀርባ በር ይጠቀሙ።

ከእኔ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰነው የልሳኑ ቤት ነው። ልሳኑ ኮርቻ ሰፊ ነበር፤ ኋላ እግሮቹ ተያዙና ከወገቡ በታች ሬሳ ሆነ። ሚስቱ ትርንጎ በየማለዳው ተሸክማ በደጃፉ መደብ ላይ ታስቀምጠዋለች። በዚያ ፀሐይ ይሞቃል፤ የሚያልፈውን በቅሎ ሁሉ ኮርቻ እያየ ይተቻል፤ ያለፈ ያገደመው ሰላም ይለዋል። ከሕይወቱ የቀረችው ያቺ ደጃፍ ብቻ ነበረች። ሕጉ በተሰማ ዕለት ትርንጎ ነጠላዋን አደግድጋ ሸንጎ ቆመች።

«ጌቶቼ» አለች፣ «ከቤቴ በስተጀርባ ያለው ገደል ነው። ፍየል እንኳ እየተጠነቀቀች ነው የምትሄድበት። እኔስ በደረቴ እየተሳብኩ እወጣ ይሆናል። ባሌን በየት ላውጣው?»

«ለምን ታወጪዋለሽ?» አለ አንዱ አባል። «ቤት የተሠራው ሊቀመጡበት አይደለም እንዴ?»

«ፀሐይ ካላየ አይቆይልኝም፣ ጌታዬ።»

ሊቀ ሸንጎ አንዳርጌ በትዕግሥት ፈገግ አሉ። «እመቤት፣ ሕጉ በር ይዘጋ አለ እንጂ ሰው ይዘጋ አላለም። ደግሞም ሕጉ ተቀምሷል። ቀማሹ ይጠራ!»

ዘውገ ካባውን እያስተካከለ ገባ።

«የበሩን ሕግ ቀምሰሃል?»

«ቀምሻለሁ፣ ጌታዬ። ዛሬ ከማለዳ እስከ ምሳ በሬ እንደ ተዘጋ ቆጥሬ ተቀመጥኩ።»

«ምን ተሰማህ?»

«ራበኝ። እሱ ግን ከሕጉ በፊትም ነበረ።»

«መውጣት መግባት አልቸገረህም?»

«ታዛው በሦስት ወገን ክፍት ነው፤ በየትኛው በኩል ልቸገር?»

ሕጉ መውጣትንና መግባትን እንደማያውክ ተመሰከረ። በዚህ ጊዜ ትርንጎ እጇን ከነጠላዋ ውስጥ አወጣች።

«ሰውየው እኮ በር የለውም! በር የሌለውን ሰው ስለ በር ትጠይቁታላችሁ?»

«ስለዚህ አይደለም ወይ የማያዳላው?» አሉ ሊቀ ሸንጎው።

አባላቱ ይህን መልስ በጭብጨባ ተቀበሉት። ሕጉም ጸደቀ።

ግንበኞቹ ሥራውን ከእኛ ወገን ጀመሩ፤ የጌቶቹ በር ለኋላ ተብሎ ቀረ። ወደ እኛ የመጡት ፀሐይ ገና በወጣችበት ሰዓት ነው። ልሳኑ እንደ ልማዱ በመደቡ ላይ ነበር።

«ጋሼ ልሳኑ፣ ይግቡልን እንጂ» አለ ግንበኛው ዓይኑን እየሸሸ። «ታዘን ነው።»

«ቆይ ልጄ፣ ፀሐይዋ ገና ጉልበቴ ላይ ናት። ደረቴ ትድረስና እገባልሃለሁ።»

ግንበኛው መሮውን አስቀምጦ ጠበቀ። ፀሐይዋ ደረቱ በደረሰች ጊዜ ትርንጎ አንሥታ ወደ ውስጥ አስገባችው፤ ድንጋዩም ከደፉ ጀምሮ ይነባበር ጀመር። ሳሕን የምታሳልፍ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ተተወች፤ እርስዋም የግንበኛው ቸርነት እንጂ የሕጉ አልነበረችም። የእኔም በር በዚያው ቀን ተመረገ። እኛ በስተቀኝ ያለነው ሁሉ የኋላ ግድግዳችንን ሸንቁረን፣ ወገባችንን በገመድ ታስረን፣ ፍየሎች በሚሄዱባት የገደል ጠርዝ መመላለስ ጀመርን። አንዲት ፍየል ከእኛ ጋር መንገድ ስትጋፋ ወደቀች። ነገሩ ለሸንጎው ደረሰ፤ ሸንጎውም በጣም አዘነና፣ በገደሉ ጠርዝ የሚሄድ ፍየል ሁሉ አንገቱ ላይ ቃጭል አስሮ በዝግታ ይሂድ የሚል ሕግ አወጣ። ዘውገ ቀመሰው። እርሱ ፍየል ስላልሆነ አልጎዳውም።

እንግዶቹም በመጨረሻ መጡ። ከከተማዋ መግቢያ ከመታጠፊያው ላይ በቅሎዎቻቸውን አቁመው ጎዳናውን አዩ፤ በስተቀኝ በኩል በሩ የተመረገ ቤት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰልፏል። በእነርሱ አገር በሩ የሚመረግበት ቤት ወረርሽኝ የገባበት ቤት ነው። አፍንጫቸውን በኩታቸው ሸፍነው ሳይወርዱ ተመለሱ። ሊቀ ሸንጎ አንዳርጌ በማግሥቱ እንግዶቹ በጽዳታችን ተደንቀው ቃል አጥሯቸው መሄዳቸውን ለሸንጎው አበሠሩ። በሩን የሚከፍት ሰው ግን አልታዘዘም። እንግዶቹ ሄዱ፤ ሕጉ ቀረ።

ልሳኑ በጨለማ ውስጥ ክረምቱን መግፋት አልቻለም። በግድግዳው በኩል ድምፁን እሰማ ነበር። መጀመሪያ ላይ በጎዳናው የሚያልፈውን በቅሎ ኮቴ እያዳመጠ «ይህ ኮርቻው ልል ነው፣ በቅሎዋን ይልጣታል» ይል ነበር። ኋላ ኮቴውን ትቶ ትርንጎን ብቻ ይጠይቃት ጀመር፤ «ፀሐይ ወጣች?» ይላታል። እርስዋም እጇን በቀዳዳዋ አሾልካ ታያለች፤ «ወጣች» ትለዋለች፤ አንዳንድ ቀን እየዘነበም «ወጣች» ትለዋለች። ዝናቡ በበረታበት ሰሞን ሞተ።

ጎረቤቱ ሁሉ ቃሬዛ ይዞ በጎዳናው ላይ፣ በተመረገው በር ፊት ተሰበሰበ። ሬሳው ከግድግዳው ወዲያ፣ አልቃሹ ከግድግዳው ወዲህ ሆነ። የሸንጎው ሹም መጥቶ ሁኔታውን ተመለከተና ሬሳው በጀርባ በኩል በገመድ ታስሮ ወደ ገደሉ ይውረድ፣ ከታች ይቀበሉታል ሲል መከረ።

ትርንጎ በቀዳዳዋ በኩል ተናገረች። የምትታየው ዓይንዋ ብቻ ነበረች።

«ባሌ በዚህ በር ነው ሙሽራ ሆኖ የገባ። በዚህ ይወጣል። ካልሆነ ከእኔ ጋር ይቀመጣል።»

«ሬሳ አቆይቶ ከተማ ማበላሸት ወንጀል ነው፣ እናቴ።»

«እኔን ለመውሰድስ በየት ትገባለህ?»

ሹሙ የገደሉን ጠርዝ አሰበ፤ አልደፈረም። ሊቀ ሸንጎው ተጠሩ። በበቅሎአቸው ላይ ሆነው፣ ጃንጥላ ተይዞላቸው ደረሱ።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ ኀዘንሽ ኀዘናችን ነው» አሉ። «ነገር ግን ዛሬ ለአንቺ ግድግዳ ብናፈርስ ነገ የሞተ ሁሉ ይፍረስልኝ ይላል። ሕግ ለሞተ ሰው አይጎነበስም።»

«ጌታዬ፣ ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ።»

ትርንጎ አፏን ወደ ቀዳዳዋ አስጠጋች። የጥንቱ ጥያቄ ለድኻም ለጌታም ቃሉ አንድ ነው፤ አንቱ የለበትም።

«አንዳርጌ! ይህን ሕግ ቀምሰኸዋል ወይ?»

የጃንጥላ ያዡ እጅ ዝቅ ብሎ ዝናቡ በሊቀ ሸንጎው አንገት ገባ። ዳኛ አበጋዝ ከለቀስተኛው መካከል ወጡ፤ በትራቸውን ጭቃው ላይ ተከሉ፤ ግንበኞቹ ከተዉት ትርፍ ድንጋይ አንዱን አስጎትተው በላዩ ተቀመጡ።

«ተጠይቀሃል፤ መልስ» አሉ።

«ቅምሻው በሕግ ለቀማሹ ተላልፏል» አሉ ሊቀ ሸንጎው። «ቀማሹም ይጥማል ብሏል። ጉዳዩ ያለቀ ነው።»

«ቀማሹ የት አለ?»

ዘውገ ከለቀስተኛው ኋላ ንፍሮ እየቃመ ነበር። እየገፉ አቀረቡት።

«የበሩን ሕግ ቀምሰሃል?»

«ቀምሻለሁ፣ ጌታዬ።»

«የፍየሉንስ?»

«እሱንም ቀምሻለሁ።»

«አንተን ቀማሽ ያደረገህንስ ሕግ?»

ዘውገ ንፍሮውን ዋጠ። «እሱንማ እንዴት አድርጌ? ያኔ ገና ቀማሽ አልነበርኩም።»

«ታዲያ ማን ቀመሰው?»

ዘውገ ወደ በቅሎዋ ቀና ብሎ አየና መልሶ አቀረቀረ። «እኔ ምን አውቄ፣ ጌታዬ። በታዛው ሥር ሆኜ እንደ ሰማሁት፣ ያን ቀን ሁሉም የሚቀምሱት ጠጅ ነበር።»

የሳቀ ሰው አልነበረም። ዳኛ አበጋዝ ቆመው ፈረዱ። ቀማሽ ይቀጠር የሚለው ነገር ራሱ አልተቀመሰምና ሕግ አይደለም፤ በእርሱ ላይ የቆመው ሁሉ ከእርሱ ጋር ወድቋል። ግድግዳው አሁን ይፍረስ፤ ልሳኑም በበሩ ይውጣ። አርቃቂው ደግሞ የቅምሻ ባለዕዳ ነው፤ የዘለለውን ሁሉ በየተራው ይቀምሳል፤ መጀመሪያውም የበሩ ሕግ ነው።

«እሺ» አሉ ሊቀ ሸንጎው ፈጥነው። «በቤቴ እቀምሰዋለሁ። በሬን ነገውኑ አስመርጋለሁ።»

«ቤትህ የጓሮ በር አለው። ወጥ የሚቀመሰው ከተሠራበት ድስት ነው፤ ይህ ወጥ የተሠራው እዚህ ነው» አሉ ዳኛው፤ በበትራቸውም የልሳኑን ቤት አመለከቱ።

ግድግዳውን ያፈረሰው ያው የገነባው ግንበኛ ነው። ልሳኑ በቃሬዛ ሆኖ በገባበት በር ወጣ። ትርንጎ በደጃፉ መደብ አጠገብ ቃሬዛውን ጥቂት አስቆመችው፤ ዝናብ ነበር። ከዚያ ወሰዱት።

ከቀብር መልስ ሊቀ ሸንጎ አንዳርጌ ከሹመታቸው ተሻሩና ወደ ልሳኑ ቤት ገቡ፤ በሩም ተመረገ። ልሳኑ በጀርባው ቀዳዳ መውጣት የማይችል ሰው ነበርና፣ የጀርባው ቀዳዳ አብሮ ተደፈነ። ትርንጎ በእርሳቸው ቤት እንድትኖር ተፈቀደላት። ትልቁን ቤት አልፈለገችውም፤ በአጥሩ መግቢያ ያለችውን፣ በርዋ ወደ ምሥራቅ የሚያየውን የዘበኛ ክፍል ወሰደች።

በሁለተኛው ቀን ዘውገ በጎዳናው ሲያልፍ ከቀዳዳዋ ጣቶች ብቅ አሉ።

«ዘውገ! ዘውገ ወንድሜ! የዕለት ምሳህን እጥፍ አደርግልሃለሁ። ትቀምስልኛለህ?»

«አይ ጌታዬ» አለ ዘውገ። «እኔ እንደ ሆንኩ አጣጥሜዋለሁ፤ ይጥማል።»

ፍርዱ ሳይጎድል ተፈጽሟል። ክረምቱ ተጋምሶ ስለ ነበር፣ አንዳርጌ የጎደለውን በሚቀጥለው ክረምት ሞሉ። የጎደለው በሞላ ዕለት በሩ ሲከፈት ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፍነው ወጡ፤ ረቂቁን ይዘው ወደ ምንጩ ወረዱና ቀለሙን ራሳቸው አጠቡት። ከዚያ የጥጃውን ሕግ ቀመሱ፤ የነበራቸውን ጥጃ ሁሉ አስረክበው ጨረሱ። የእህሉንም ቀመሱ። ይህ በሚጻፍበት ጊዜ ተራው የፍየሉ ሕግ ሆኖ፣ የቀድሞው ሊቀ ሸንጎ አንገታቸው ላይ ቃጭል አስረው በገደሉ ጠርዝ በዝግታ ይሄዳሉ።